ከሆለታ እስከ ሰንቀሌ፦ ጠመንጃ ለማን ይታዘዛል?

የዘመናዊት ኢትዮጵያን ታሪክ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ልዩ ኃይል የሚባለው ነገር በአገራችን ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?» ሲል ጠየቀኝ። ልጁ የአምቦ ተወላጅ ነው። የመምህር ነገር ሆኖብኝ ዓመተ ምሕረት ጠቅሼ መለስኩለት፤ እርሱም በማስታወሻው ላይ ጽፎ ተቀመጠ። ሆኖም ከክፍሉ ስወጣ የሰጠሁት መልስ ለእኔ ለራሴ አልጣመኝም። ልጁ የጠየቀኝ ስለ ዓመተ ምሕረት ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሊያውቅ የፈለገው «በከተማችን ጎዳና የምናያቸው እነዚህ የታጠቁ ሰዎች የማን ናቸው? የሚታዘዙትስ ለማን ነው?» የሚለውን ነበር።

ይህን ጥያቄ በወጉ ለመመለስ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ከሚወስደው መንገድ የተሻለ የታሪክ መጽሐፍ አላውቅም። ያደግሁት በዚህ መንገድ ዳር፣ ከጊንጪ ብዙም በማይርቅ የገጠር ቀበሌ ነው። መንገዱ በጠቅላላው ከመቶ ሃያ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በዚህች አጭር ርቀት ላይ ግን ኮልፌ አለ፤ ታጠቅ አለ፤ ሆለታ አለ፤ አምቦ ሲደረስ ደግሞ ሰንቀሌ አለ። አራቱም የጦር ወይም የፖሊስ ማሠልጠኛ የነበሩ ወይም የሆኑ ስፍራዎች ናቸው። የአስተዳደር አከላለሉ ደጋግሞ ቢቀያየርም ታሪካቸው ከምዕራብ ሸዋ ታሪክ የሚነጠል አይደለም። ባለፉት ዘጠና ዓመታት በአገራችን የተፈራረቁ መንግሥታት ሁሉ በዚህ መንገድ ዳር ወታደር ሠርተዋል። ወታደሩ ለማን እንዲታዘዝ ተደርጎ እንደተሠራ መመርመር የዚህች ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የሆለታ ገነት ልጆች

ከሆለታ በፊት የኢትዮጵያ ጦር አንድ ጦር አልነበረም። ራሱም፣ ደጃዝማቹም፣ ፊታውራሪውም የየራሳቸው ጭፍራ ነበራቸው። ጭፍራው የሚያውቀው ያበላውንና የሾመውን ጌታውን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱን የሚያውቀው በጌታው በኩል ነበር። ዓድዋን ያህል ድል ያስገኘው ይህ ሥርዓት ነውና በንቀት ልናየው አይገባም። ነገር ግን አንድ ራስ ሲያኮርፍ አንድ ጦር አብሮ የሚያኮርፍበት ሥርዓት ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር በ1922 ዓ.ም. ገደማ የቤልጂግ መኮንኖችን አስመጥተው ክቡር ዘበኛን ማሠልጠን ጀመሩ። ቀጥሎም አገሪቱ የራሷ የተማሩ መኮንኖች እንዲኖሯት የጦር ትምህርት ቤት ለመክፈት ተነሡ።

ለዚህ የተመረጠው ስፍራ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያሠሩበት ሆለታ ነው። ለአስተማሪነት የተመረጡት ደግሞ ስዊድኖች ነበሩ። ስዊድን ትንሽ አገር ናት፤ በዘመኑ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት አልነበራትም፤ ስለዚህ አስተማሪ ሆና ገብታ ጌታ ሆና ትቀራለች ተብላ አትፈራም። የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበሩት ጄኔራል ኤሪክ ቪርጂን ነገሩን አመቻቹ፤ ሻምበል ቪኪንግ ታም የተባሉ መኮንን ከአራት ባልደረቦቻቸው ጋር መጥተው በጥር 1927 ዓ.ም. የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። እጩ መኮንኖቹ ከመቶ የሚበልጡ ወጣቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከዳግማዊ ምኒልክና ከተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤቶች የመጡ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ልጆች ነበሩ። ትምህርቱም በፈረንሳይኛ ይሰጥ ነበር።

እነዚህ ልጆች የየራሳቸው ጌታ የነበራቸው ጭፍሮች አልነበሩም። አዲሱ ነገር ይህ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ መለዮ ለብሰው፣ የአባታቸው ማዕረግ ሳይሆን የፈተና ውጤታቸው እየታየ የሚያድጉበት ሥርዓት ተዘረጋላቸው። ጊዜ ግን አልሰጣቸውም። ትምህርት ቤቱ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጣልያን ወረረ። በመጋቢት ወር መጨረሻ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በማይጨው ከተፈታ በኋላ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚገሠግሠውን የባዶሊዮን ባለ መኪና ጦር በጣርማበር ላይ እንዲያግድ የታዘዘው ከእነዚሁ እጩ መኮንኖች የተዋቀረ ብርጌድ ነበር። ሊያግደው አልቻለም። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጣልያን ገባ።

ከዚህ በኋላ ልጆቹ ምን አደረጉ? ትእዛዝ የሚሰጣቸው ንጉሥ የለም፤ ያሠለጠኗቸው ስዊድኖች ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ ዋና ከተማዋ ተይዛለች። መሣሪያ በእጃቸው ያለ ወጣቶች ናቸውና ሽፍታ መሆን ይችሉ ነበር። ለጣልያን ማደርም ይችሉ ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን በዚሁ በምዕራቡ መንገድ ወደ ነቀምቴ አቀኑ።

አሥሩ አንቀጾች

ነቀምቴ ላይ የሆለታ ወጣቶች፣ ከውጭ አገር ተምረው ከተመለሱ ሲቪሎች ጋር ሆነው «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ሊቀ መንበሩ በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ከወታደሮቹ ወገን ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለአብ ይጠቀሳሉ፤ ከሲቪሎቹ ወገን የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ነበሩበት። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣልያን አውሮፕላኖች አቃጥለው፣ የአየር ኃይል ጄኔራሉን ማግሊዮኮን ከነባልደረቦቹ የደመሰሱት እነዚህ ናቸው። የቦናያ ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። ከቦናያ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ማኅበሩ ያወጣው፣ አሥር አንቀጾች ያሉት ደንብ ነው።

ከደንቡ አንቀጾች አንዱ ወታደራዊው ክፍል ለሲቪሉ ወይም ለፖለቲካው ክፍል የበላይነት እንዲገዛ ይደነግጋል። ሌላው ገበሬው እንዳይንገላታ ይከለክላል። ሌላው ለምርኮኛ ርኅራኄ እንዲደረግ ያዛል። መሪዎቹ አገር ጥለው እንዳይሰደዱም ያግዳል። የመጨረሻው ሥልጣን የንጉሠ ነገሥቱ መሆኑም በደንቡ ሰፍሯል።

ይህ የተጻፈበትን ጊዜ እናስብ። አገር ተወሯል። መሣሪያውም ሥልጠናውም ያለው በወታደሮቹ እጅ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ምን አለው? ይሁን እንጂ ጠመንጃ የያዙት ወጣቶች፣ ጠመንጃ ላልያዘው ሰው እንታዘዛለን ብለው ፈረሙ። በአገራችን የተማረ የመኮንን ትውልድ ስለ ራሱ ሥልጣን በጽሑፍ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ይመስለኛል።

ገበሬን ስለማንገላታት የተጻፈው አንቀጽም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ከየግንባሩ የተመለሰው የተበተነ ጦር በየመንገዱ ሕዝቡን ዘርፏል። በምዕራብ ኢትዮጵያ የነበሩ የኦሮሞ ባላባቶች በነፍጠኛው አስተዳደር ተማርረው፣ በዚያው ሰሞን የእንግሊዝን ሞግዚትነት እስከ መጠየቅ ደርሰው ነበር። የሆለታ ልጆች የገቡት እንዲህ ልቡ ወደ ሸፈተ አገር ነው። «ሕዝቡ ለምን አይደግፈንም?» ብለው ከመቆጣት ይልቅ «እኛ ሕዝቡን እንዴት ይዘነዋል?» ብለው ጠየቁ። የደንቡ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

መጨረሻቸው አሳዛኝ ነው። ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋር ወደ ደቡብ ምዕራብ ካፈገፈጉ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው እጅ ሰጡ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣል፣ ፋሺስቶች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ሲረሽኑ፣ እጃቸውን ሰጥተው የነበሩት የጥቁር አንበሳ አባላት ከመጀመሪያዎቹ ሰለባዎች መካከል ሆኑ። ክፍሌና በላይ፣ ዮሴፍና ቢንያም በዚሁ ጊዜ ተገደሉ። ትግሉን በምዕራብ ሸዋ ጫካዎች የቀጠሉት ሆለታን ደጅ እንኳ ያልረገጡ እንደ ጃገማ ኬሎ ያሉ የጅባትና ሜጫ ልጆች ነበሩ። ጃገማ ሲሸፍት ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ኋላ ሌተና ጄኔራል ለመሆን በቅቷል። ደንቡን የጻፉት አለቁ፤ ደንቡም አብሯቸው ተቀበረ ማለት ይቻላል።

ኮልፌ

ከነጻነት በኋላ መንግሥቱ የጦር ኃይሉን እንደገና ሲያደራጅ በአንድ ነገር ተጠመደ፤ ይኸውም አንዱን ኃይል በሌላው መጠበቅ ነው። ክቡር ዘበኛ በምድር ጦር፣ ምድር ጦር በክቡር ዘበኛ፣ ሁለቱም በፖሊስ ይመዘኑ ነበር። ዛሬ «ልዩ» የምንለው ዓይነት ኃይል የተፀነሰው በዚህ ስሌት ውስጥ ነው። ከእነዚህም አንዱ ኮልፌ የሰፈረው የፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ነበር።

ኮልፌ በዓለም ታሪክ የሚታወቀው በአንድ እንግዳ ምክንያት ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው በዚሁ ሰፈር ነበር። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ወዲያውም ተይዞ ታሰረ። እኛ በዚህ ታሪክ እንኮራለን፤ መኩራታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን የፈጥኖ ደራሽ አዛዥ የነበሩት የታደሠ ብሩ ዕጣ ምን እንደሆነ አብረን ማስታወስ አለብን። ታደሠ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ለዙፋኑ ታማኝ ሆነው ከቆሙት አንዱ ናቸው። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ግን የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርን ተቀላቀሉ። ማኅበሩ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ለማሠራት የተቋቋመ ነበር። በ1959 ዓ.ም. ማኅበሩ ሲታገድ ጄኔራሉ ታሠሩ፤ ሞትም ተፈርዶባቸው ቅጣቱ ተቀነሰላቸው። በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ረሸናቸው። ለዙፋኑ ሲታዘዙ ጀግና የተባሉ ሰው፣ የወጡበትን ሕዝብ ጥያቄ ሲያነሡ ወንጀለኛ ሆኑ። የልዩ ኃይል አዛዥ የሚታመነው ዓይኑን ወደ ላይ ብቻ እስካነሣ ድረስ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

በዚሁ የታኅሣሥ ግርግር ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ፣ የመጀመሪያው የሆለታ ትውልድ ልጅ የሆኑት ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ መሆናቸውንም አንርሳ። ሙሉጌታ ክቡር ዘበኛን በአዲስ መልክ ያደራጁ አዛዥ ነበሩ። የገደሏቸውም እርሳቸው ባደራጁት ኃይል የተነሡ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ሆለታ

ሆለታ ከነጻነት በኋላ በእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን እገዛ ሲከፈት የቀድሞው ሆለታ አልነበረም። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በሕንድ መኮንኖች የሚመራው የሐረር ጦር አካዳሚ ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ የበለጠ ደረጃው ዝቅ አለ። ሐረር በትምህርታቸው የላቁ ወጣቶችን መርጦ ሦስት ዓመት ያስተምራል። ሆለታ በአመዛኙ ከተራ ወታደርነት የተነሡትን በአጭር ጊዜ መኮንን ያደርጋል። አንዱ ለክብር፣ ሌላው ለጉልበት የተሠራ መሰለ። የሆለታው መኮንን በረሃ ወርዶ ከወታደሩ ጋር ይጠማል፤ የወታደሩን ብሶት ያውቃል፤ ዕድገት ሲመጣ ግን ይታለፋል። ይህ ቁስል በ1966 ዓ.ም. ፈነዳ።

ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየክፍሉ የተወከሉ ከመቶ በላይ የበታች መኮንኖችና ወታደሮች ተሰብስበው ደርግን መሠረቱ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ ተፈሪ በንቲ፣ አጥናፉ አባተ፣ ሦስቱም ሆለታ ያፈራቸው ናቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን አግደው ሥልጣኑን ሲይዙ ራሳቸውን «ጊዜያዊ» ብለው ነበር። ጊዜያዊው እስከ 1980 ዓ.ም. ቆየ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ጄኔራል አማን አንዶም በቤታቸው ተገደሉ፤ በዚያው ሌሊት ስልሳ ያህል ሹማምንት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ተፈሪ በንቲ ተገደሉ፤ በኅዳር 1970 ዓ.ም. አጥናፉ ተከተሉ።

ከነቀምቴ እስከዚህ ድረስ አርባ ዓመት ብቻ ነው። በአንድ ግቢ የበቀሉ ሁለት ትውልዶች ናቸው። የመጀመሪያው አገር በጠፋበት ሰዓት ወታደሩ ለሲቪል ይገዛ አለ። ሁለተኛው አገር ባለበት ሰዓት ሲቪሉን አንበርክኮ ገዛ። የመንግሥቱን ትውልድ ክፋት ብቻ እያወራን መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን እነዚህን መኮንኖች ያሠለጠነው መንግሥት ራሱ ለሕግ ሳይሆን ለአንድ ሰው እንዲታዘዙ ነበር ያስተማራቸው። ሰውየው ሲደክም ለማን ይታዘዙ? ለራሳቸው ታዘዙ።

ታጠቅ

ከቡራዩ አለፍ ሲል የሚገኘው የታጠቅ ጦር ሰፈር ስሙ የዐፄ ቴዎድሮስን የፈረስ ስም ያስታውሳል። የሶማሊያ ወረራ ባንዣበበበት በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ታውጆ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የተመለመለው ገበሬ በዚህ ሰፈር ሠለጠነ። በሰኔ ወር ይኸው ሚሊሺያ በአብዮት አደባባይ ሰልፍ አሳየ። ሦስት መቶ ሺህ ይደርሳል የተባለለት ሠራዊት ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ ለተገኘው ድል ይህ ገበሬ የከፈለው ዋጋ ከፍተኛ ነበር።

አጎቴ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። ከእርሻቸው ተነሥተው ታጠቅ ገቡ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ቆይቶም ወደ ሰሜን ዘመቱ። እግራቸውን እያነከሱ ነው የተመለሱት። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ለዕረፍት ስመጣ ስለ ታጠቅ ደጋግሜ እጠይቃቸው ነበር። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «ስማ ልጄ፣ መተኮሱን በጥቂት ወር ውስጥ አስተማሩን። ጠላት ማን እንደሆነ ግን እኛ አንጠይቅም፤ ካድሬው ነው የሚነግረን። ሶማሌ ሲሉን ገባን፤ ድንበር ነውና። በኋላ ሰሜን ሲወስዱን ግን ወንድሜ እያለ የሚለምን ሰው ላይ ተኮስኩ። እርሱን አልረሳውም።» ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ይህ ሠራዊት በግንቦት 1981 ዓ.ም. የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ራሱን አጣ፤ በ1982 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ተበተነ። ለአንድ ሰው የተሠራ ጦር፣ ሰውየው በአውሮፕላን ሲወጣ አብሮ አለቀ።

ሰንቀሌና ልዩ ኃይል

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትር የሚሆነው ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ከፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ እንዲሆን ይደነግጋል። ይህን አንቀጽ ባነበብኩ ቁጥር ነቀምቴ ትዝ ትለኛለች። ከስልሳ ዓመት ገደማ በኋላ የጥቁር አንበሳ ቃል በሕግ ተመልሶ ተጻፈ ለማለት ይዳዳኛል። በተግባር ግን ገዢው ፓርቲና ሠራዊቱ የአንድ እናት ልጆች ሆነው ኖሩ።

ይኸው ሕገ መንግሥት ክልሎች የፖሊስ ኃይል እንዲያደራጁ ይፈቅዳል፤ ስለ ልዩ ኃይል የሚለው ነገር የለም። ልዩ ኃይል መልክ ይዞ የወጣው በሶማሌ ክልል፣ በ1999 ዓ.ም. በአቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ሠራተኞች ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ ነው። ለተማሪዬ የሰጠሁት ዓመተ ምሕረት ይህ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ክልሎች ተከተሉ፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተሽቀዳደሙ። ክልሎቹ ሲወቃቀሱ የታጠቁ ኃይሎቻቸውም አብረው ይፋጠጡ ጀመር። የየራሶቹ ጭፍራ ስሙን ቀይሮ ተመለሰ። ሆለታ የተከፈተው ይህን ለማስቀረት አልነበረምን?

የአምቦ ልጅ ሰንቀሌ ሲባል ሁለት ነገር ያስባል፤ በጠርሙስ የሚታሸገውን የማዕድን ውኃና የፖሊስ ማሠልጠኛውን። የታጠቀን ሰው በሩቁ የሚያውቅ ሕዝብ አይደለም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የተቃወሙ ተማሪዎች ደም በአምቦ ጎዳና ፈሷል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በእኔው ጊንጪ፣ በጨሊሞ ደንና በአንድ የኳስ ሜዳ ምክንያት የተቀሰቀሰው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. አምቦ ላይ ዳግመኛ ሰው ወደቀ። በእነዚህ ቀናት ሁሉ ከጠመንጃው አፈሙዝ በስተኋላ የቆመው ወጣትና በስተፊት የቆመው ወጣት ዕድሜያቸው ተመሳሳይ ነበር።

መጋቢት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች ፈርሰው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራልና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በመርህ ደረጃ ይህን መቃወም አይቻልም፤ አንድ አገር አንድ ጦር ሊኖረው ይገባል። ውሳኔው በአማራ ክልል የገጠመው ተቃውሞና በዚያው ክረምት የተቀጣጠለው ጦርነት ግን፣ መለዮ በመቀየር ብቻ የታጠቀ ሰው ታማኝነት እንደማይቀየር አሳይቷል። ልዩ ኃይሉን የፈጠረው ፍርሃት ሳይፈርስ ልዩ ኃይሉ ፈርሷል ማለት አይቻልም። ሕዝብ በአገሪቱ ጦር የሚተማመነው ጦሩ የማንም ወገን አለመሆኑን በዓይኑ ሲያይ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ፣ «የጥቁር አንበሳን ደንብ አታግንነው፤ ስድስት ወር እንኳ ያልቆየ ወረቀት ነው» ይሉኛል። እውነት አላቸው። ደንቡ በወረቀት ቀርቷል፤ የመጨረሻውን ሥልጣንም ለሕዝብ ሳይሆን ለንጉሥ ነው የሰጠው። ሆኖም ወታደርን ለሲቪል ማስገዛት ከፈረንጅ የተቀዳ፣ ለእኛ የማይስማማ ሐሳብ ነው ለሚሉ ሁሉ መልስ ይሆናል። ያን ሐሳብ በገዛ አገራቸው፣ በጦርነት መካከል፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ያልዘለቁ የራሳችን ልጆች ጽፈውታል።

ለተማሪዬ አሁን የተሻለ መልስ ያለኝ ይመስለኛል። ልዩ ኃይል በአገራችን የኖረው ጠመንጃ ለሕግ ሳይሆን ለሰው፣ ለፓርቲ ወይም ለወገን በታዘዘ ጊዜ ሁሉ ነው፤ ስሙ ጭፍራ፣ ፈጥኖ ደራሽ ወይም ሚሊሺያ ቢባልም። በዚህ መንገድ ዳር ዛሬም ወጣቶች ይሠለጥናሉ። መተኮሱን እንደሚያስተምሯቸው አልጠራጠርም። ከነቀምቴዎቹ አሥር አንቀጾች ሁለቱን፣ ለሲቪል መገዛትንና ገበሬን አለማንገላታትን፣ የሚያስተምራቸው ሰው እንዲያገኙ ግን እመኛለሁ።

ቸር ያሰማን።